ጉርድ ፎቶና የሚደበዝዘው ዳራ

ቀስ በቀስ የሚጨምር ብዥታ ማለት ምስሉ ከጥርት ያለ ቦታ ተነስቶ፣ ድንበሩ የት እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ወደ ደብዛዛነት የሚያልፍበት አሠራር ነው። ፊቱ ይጠራል፤ ከጆሮ ኋላ ያለው ይለሰልሳል፤ ከትከሻው በስተጀርባ የቆመው ግድግዳ፣ ዛፍ ወይም ኮረብታ ቅርጹን እያጣ ይሄዳል። ዛሬ ይህን ፎቶሾፕና ጊምፕ የመሳሰሉት ሶፍትዌሮች በጥቂት ደቂቃ፣ ስልክ ደግሞ በአንድ ጣት ንክኪ ይሠሩታል። ሙያው ግን ከኮምፒውተር በጣም ይቀድማል። መሣሪያው አንድ ጊዜ ቀዳዳ ያለው ካርቶን፣ ሌላ ጊዜ ልዩ ሌንስ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የተሞረደ የወረቀት ጠርዝ ነበር፤ በመጨረሻ ቁጥር ሆነ። ባለሙያው በየዘመኑ የሚፈታው ጥያቄ ግን ያው አንድ ነው፦ የሚታየውና የማይታየው የሚገናኙበትን ቦታ ዓይን እንዳያገኘው ማድረግ።

የአማርኛው ስም የችግሩን ምንጭ ይናገራል። ጉርድ ፎቶግራፍ ከደረት ወይም ከትከሻ ላይ የተቆረጠ የሰው ምስል ነው። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤትና ለሥራ ማመልከቻ የሚጠየቀው ትንሹ ጉርድ መቆረጡ አያሳስበውም፤ መለያ ነውና። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ጉርድ ግን ሌላ ነገር ነው። የአባት ደረት በወረቀቱ ጠርዝ ተቆርጦ ሲታይ ዓይን መቆረጡ ላይ ያርፋል። ፎቶ ቤቶች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ደረቱን ሳይቆርጡ ማፍዘዝ ነበር። ኮቱ ከሁለተኛው ቁልፍ በታች እየሳሳ ይሄድና ነጭ ወረቀት ይሆናል። ሰውየው ከብርሃን ውስጥ የወጣ ይመስላል። በብዙ የቀድሞ የቤተሰብ አልበሞች ውስጥ እንዲህ ያለ ሞላላ፣ ጠርዙ የፈዘዘ ምስል ይገኛል።

ፈረንጆች ይህን አሠራር ቪኜት ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከወይን ተክል ነው፤ መጀመሪያ በመጻሕፍት ገጽ ላይ የሚሳለው፣ በዙሪያው መስመር ያልተከበበ የወይን ቅርንጫፍ ጌጥ መጠሪያ ነበር። የግእዝ ጸሐፍትም በብራና ላይ የሚሥሉትን ጌጥ ሐረግ ብለው በዚያው በሚጠመጠም ተክል መሰየማቸው የሚያስደንቅ መገጣጠም ነው። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ሐረግ ጽሑፉን በቀለምና በመስመር አጥሮ ይይዛል። ቪኜት አጥሩን ያፈርሳል።

ይህ ልዩነት በኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ ሥር አለው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለብዙ መቶ ዓመታት በጥቁር መስመር የታጠረ ነበር፤ ቀለሙ ሜዳ ላይ እንደተነጠፈ ይቀመጣል፤ የቅዱሱ ልብስ አንድ ቦታ ላይ ያበቃል፣ ዳራው እዚያው ይጀምራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን አካባቢ የጎለመሰው ሁለተኛው የጎንደር ሥልት ፊትንና ልብስን ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ እያደረገ ማለዘብ ጀመረ። ሠዓሊው የቀለም ሽግግር መሥራት ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ዳር ላይ ያለው መስመር አልተነካም። ጠርዙን ራሱ የማጥፋት ልማድ ወደ አገር የገባው ከፎቶግራፍ ጋር ነው።

ፎቶግራፍ በኢትዮጵያ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1867 እና 1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ነው። ከጦሩ ጋር የመጡት የምሕንድስና ክፍል ፎቶ አንሺዎች መልክዓ ምድሩን፣ መንገዱንና ሰዎችን አነሡ። ለዘመቻ የተነሣ ፎቶ ሁሉ ነገር እንዲጠራለት ይፈልጋል፤ ማደብዘዝ ለዚያ ሥራ ጥፋት ነበር። የለዘበው ምስል የመጣው ከፎቶ ቤት ጋር፣ ፎቶ ቤትም ከቤተ መንግሥት ጋር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉበት። ቶርኮም በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ቶኒ በሚለው ስሙ ነው። ከእነዚህና ከሌሎች ፎቶ ቤቶች ሙያው ወደ ኢትዮጵያውያን ረዳቶች፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ወረደ።

በጨለማ ክፍል ውስጥ ሥራው እንዲህ ነበር። ኔጋቲቩ በማጉያው ውስጥ ይገባል፤ ከታች ብርሃን የሚሰማው ወረቀት ይዘረጋል። ፎቶ አጣቢው በመካከል የያዘው ካርቶን ሞላላ ቀዳዳ አለው። ብርሃኑ በቀዳዳው በኩል ብቻ ወርዶ ፊቱን ያትማል፤ ዙሪያው ነጭ ይቀራል። ሁለት ነገሮች ጠርዙን ያለዝቡታል። አንደኛው የካርቶኑ ከፍታ ነው። ካርቶኑ ወደ ወረቀቱ ሲቀርብ የቀዳዳው ጥላ ይጠራል፣ ወደ ማጉያው ሌንስ ሲርቅ ይሰፋና ይለሰልሳል። ሁለተኛው የእጅ እንቅስቃሴ ነው። ካርቶኑ ለአፍታ እንኳ ከቆመ በወረቀቱ ላይ መስመር ይወጣል፤ ስለዚህ እጁ ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ በትንሹ ከላይ ወደ ታች ይመላለሳል። አንዳንዱ የቀዳዳውን ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ ይቆርጠዋል፤ ጥርሶቹ ሲንቀሳቀሱ ብርሃኑ ከመሐል ወደ ዳር በየደረጃው ይቀንሳል። የተበላሸ ወረቀት ተመልሶ አይታተምም፤ ወረቀቱ ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣ ነበር። ሙያው በእጅ የሚማሩት እንጂ በንግግር የሚያስተላልፉት አልነበረም።

እዚህ ላይ መለየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ካርቶኑ የሚሠራው ማፍዘዝን ነው፤ ምስሉ እየሳሳ ወደ ነጭ ወይም ወደ ጥቁር ይሄዳል እንጂ ዝርዝሩ አይቀላቀልም። ማደብዘዝ ሌላ ነው፤ የአንዱ ነጥብ ብርሃን በጎረቤቱ ላይ ፈስሶ ቅርጽ ይጠፋል። ይህን የሚሠራው የካሜራው ሌንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840 ዮሴፍ ፔትስቫል በቪየና ያሰላው የመልክ ማንሻ ሌንስ መሐሉ ጥርት ያለ፣ ዳሩ ግን የሚሽከረከር በሚመስል ብዥታ የተሞላ ነበር። ሌንሱ የተሠራው ብዙ ብርሃን እንዲያስገባና ተነሺው ሳይነቃነቅ መቀመጥ ያለበትን ጊዜ እንዲያሳጥር ነው። የዳሩ ብዥታ ጉድለት ነበር፤ ፎቶ አንሺዎች ግን ወደዱት፤ ዓይንን ወደ ፊት ይመልሳልና። እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1860ዎቹ ሆን ብላ ያለዘበቻቸውን ፊቶች ስታሳይ በዘመኑ ከነበሩ ፎቶ አንሺዎች ፎከስ ማድረግ አታውቅም የሚል ነቀፋ ደርሶባታል። ፍርዱን ጊዜ ገልብጦታል። በየአገሩ ያለው ፎቶ ቤት ደግሞ ልዩ ሌንስ መግዛት ሳያስፈልገው በሌንሱ ፊት ስስ የሴት ካልሲ ወጥሮ፣ ወይም በመስተዋት ማጣሪያ ዳር ላይ ቫዝሊን ቀብቶ መሐሉን ንጹሕ በመተው ተመሳሳይ ውጤት ያገኝ ነበር።

ብዥታ መልክን ለማስዋብ ብቻ አላገለገለም። የተለያዩ ፎቶዎችን ቆርጦ አንድ ለማስመሰል የሚፈልግ ሁሉ ያስፈልገው ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በዚህ የሚነሣው ጉዳይ የልጅ ኢያሱ ፎቶግራፍ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ጊዜ ዙሪያ በእስልምና አለባበስ የሚያሳያቸው ፎቶ ተቀነባብሮ ተሠራጭቷል የሚል ክስ ለአንድ ምዕተ ዓመት ሲነገር ኖሯል። ክሱ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ሰዎች ፎቶግራፍ ሊቀጣጠል እንደሚችል፣ የመቀጣጠሉም ምልክት በጠርዝ ላይ እንደሚፈለግ ያን ጊዜ እንኳ እንደሚያውቁ ያሳያል።

ጠርዝን የማጥፋት ጥበብ ወደ አባይ ሸለቆና ወደ ጉባ የደረሰው ግን በመልክ ፎቶ በኩል አይደለም፤ በካርታ በኩል ነው። ጉባ በመተከል ዞን፣ አባይ ወደ ሱዳን ከሚሻገርበት ድንበር ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው ማንኩሽ ነው። ለረጅም ዘመን ይህ አካባቢ በካርታ ላይ ጠርዙ የፈዘዘ ምስል ነበር ቢባል ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የሸለቆውን መስመር በእግርና በበቅሎ ተከትሎ ለካ፤ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ አባይ የጻፈውን መጽሐፍ በ1936 አሳተመ። ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የአባይን ተፋሰስ አጠና። በ1964 የወጣው ሪፖርት ለግድብ ይሆናሉ ካላቸው ቦታዎች አንዱ ድንበሩ አጠገብ ያለው ነበር። የዛሬው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐሳብ የሚቆጠረው ከዚያ ጥናት ነው።

ሰፊ ተፋሰስን ከአየር ላይ የሚያጠና ሁሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል። አውሮፕላኑ የሚያነሣቸው ፎቶዎች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር በከፊል ይደራረባል፤ የአንዱ ጥቁረት ከሌላው ይለያል። ፎቶዎቹን ገጥሞ አንድ ትልቅ ምስል ለማድረግ ወረቀቱ በቀጥታ በመቀስ ከተቆረጠ መጋጠሚያው እንደ ጠባሳ ይታያል። ስለዚህ የካርታ ባለሙያዎች ወረቀቱን በእጅ እየቀደዱ ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት ነበር፤ ጠርዙ እስኪሳሳ፣ በሌላው ላይ ሲለጠፍ ውፍረቱ እስኪጠፋ ድረስ። የወፍ ላባ ዳሩ ላይ እንደሚሳሳው ማለት ነው። ዛሬ በፎቶሾፕ ውስጥ የተመረጠን ቦታ ጠርዝ የሚያለዝበው ትእዛዝ ፌዘር ይባላል፤ ትርጉሙም ላባ ነው። የሳተላይት ፎቶዎችን የሚገጣጥም ፕሮግራምም ዛሬ ይህንኑ በቁጥር ይሠራል፤ በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ የአንዱን ድርሻ እየቀነሰ የሌላውን ይጨምራል።

ከዚሁ ከአየር ፎቶ ዘርፍ ሌላም ውርስ አለ። የኦስትሪያ ጦር መኮንን የነበረው ቴዎዶር ሻይምፍሉግ በፊኛ ላይ ሆነው የተነሡ ሰያፍ ፎቶዎችን ለካርታ ለማቅናት ሲጥር፣ ሌንሱ ሲያዘነብል የሚጠራው የቦታ ንጣፍም እንደሚያዘነብል የሚገልጸውን ሕግ ሥራ ላይ አዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ዓላማው ሁሉን ማጥራት ነበር። በኋላ ፎቶ አንሺዎች ሕጉን ገልብጠው ተጠቀሙበት፦ ሌንሱን በተቃራኒው ሲያዘነብሉት ከምስሉ ውስጥ አንድ ቀጭን ቀበቶ ብቻ ይጠራና ከላይና ከታች ያለው ሁሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከከፍታ ላይ የታየ ከተማ በዚህ ሲነሣ አሻንጉሊት ይመስላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዓይን እንዲህ ያለ ጠባብ ጥራት የለመደው በጣም ቅርብ የሆነ ትንሽ ነገር ሲያይ ነው። ቁመቱ 145 ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 1,800 ሜትር በሆነው የሕዳሴ ግድብ ላይ ከአናት ወደ ታች የሚታየው መኪናና ሠራተኛ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር የተመቸ ነው። ውጤቱ ያምራል፤ ግን የሥራውን ግዝፈት ያሳንሰዋል። ለሕዳሴ ግድብ ፎቶ ይህ ምርጫ የሚመከር አይደለም።

የኮምፒውተሩ ምዕራፍ የተከፈተውም በጨለማ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል በኮምፒውተሩ ላይ ግራጫ ምስል የሚያሳይ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። አባቱ በቤታቸው ምድር ቤት ጨለማ ክፍል ነበራቸው፤ ቶማስ ፎቶ ማጠብ የተማረው እዚያ ነው። በፊልም ልዩ ትእይንት ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ወንድሙ ጆን ፕሮግራሙ ምስልን መለወጥ እንዲችል ገፋፋው። አዶቢ ኩባንያ ፈቃዱን ወስዶ በየካቲት 1990 ፎቶሾፕ ብሎ ለገበያ አወጣው። ብዙዎቹ የፕሮግራሙ ስሞችና ምልክቶች፣ ማጥቆሪያው፣ ማንጫው፣ ማስኩ፣ ከጨለማ ክፍል ተነሥተው የገቡ ናቸው። ማስክ የተባለው ያ ካርቶን ነው። በ1994 የወጣው ሦስተኛው እትም ሌየር የተባሉትን ተደራራቢ ንጣፎች አመጣ፤ ያን ጊዜ ካርቶኑ ከአንድ ምስል ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥ፣ በማንኛውም ሰዓት ሊስተካከል የሚችል ነገር ሆነ። የወረቀት ብክነት የሚባለው ፍርሃት አበቃ። በነጻ የሚሠራጨው ጊምፕ ደግሞ በበርክሌይ ተማሪዎች በስፔንሰር ኪምቦልና በፒተር ማቲስ ተጀምሮ በ1996 ለሕዝብ ቀረበ፤ ፎቶሾፕ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሁሉ በር ከፈተ።

የብዥታው ስሌት ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ከካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ነው። ጋውስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የከዋክብት ልኬት ስሕተትን ሲያጠና የተጠቀመበት ደወል መሰል ኩርባ ጋውሲያን ብለር ለተባለው ማደብዘዣ መሠረት ሆነ። እያንዳንዱ ፒክስል በዙሪያው ካሉት ጋር ይቀላቀላል፤ ቅርብ ያለው ብዙ ድርሻ፣ ሩቅ ያለው ጥቂት ድርሻ ያዋጣል። ተጠቃሚው የሚመርጠው ራዲየስ ድብልቁ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ይወስናል። ሒሳቡ አንድ ደግ ጠባይ አለው፦ አግድም ተሠርቶ ከዚያ ቁልቁል ሊሠራ ይችላል። 41 በ41 ፒክስል የሆነ ካሬ በአንድ ጊዜ ቢሰላ ለእያንዳንዱ ፒክስል 1,681 ማባዛት ይጠይቃል፤ ሁለት ጊዜ ሲከፈል 82 ይበቃል። በፎቶሾፕ መጀመሪያ ዘመን የነበሩት ደካማ ኮምፒውተሮች ብዥታን መሥራት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ስሌት ግን ምስሉን ሁሉ እኩል ያደበዝዛል። ቀስ በቀስ እንዲጨምር ለማድረግ መጀመሪያ የተለመደው ዘዴ የሚከተለው ነበር። የምስሉ ቅጂ በሌላ ሌየር ላይ ይቀመጣል፤ ቅጂው ይደበዝዛል፤ በላዩ ማስክ ይደረግበታል፤ በማስኩ ላይ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሸጋገር ግራዲየንት ይሳባል። ጥቁር ባለበት ደብዛዛው ይደበቃል፣ ነጭ ባለበት ይታያል፣ ግራጫው ላይ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ዘዴው ዛሬም በየፎቶ ቤቱ ይሠራበታል፤ ለብዙ ሥራ ይበቃልም። ጉድለቱ ግን በመካከለኛው ቦታ ላይ ነው። ግማሽ ጥርት ያለና ግማሽ ደብዛዛ ምስል ሲቀላቀሉ የሚወጣው መጠነኛ ብዥታ አይደለም፤ ጥርት ያለው መስመር በጉም ውስጥ እንደቆመ ሆኖ ይታያል። በዳራው ላይ አጥር ወይም የሣር ጎጆ ክዳን ካለ ይህ ወዲያው ይጋለጣል። ትክክለኛው መፍትሔ ድብልቁን ሳይሆን ራዲየሱን ራሱን ከቦታ ቦታ መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፎቶሾፕ እትም ሌንስ ብለር የተባለውን ማጣሪያ ይዞ መጣ፤ ይህ ማጣሪያ የርቀት ካርታ ሆኖ የሚያገለግል ግራጫ ምስል ተቀብሎ በዚያ መጠን ያደበዝዛል። በ2012 ደግሞ በምስሉ ላይ ነጥብ እየተከሉ የየነጥቡን ብዥታ መወሰን፣ በሞላላ ቀለበት ማደብዘዝ፣ ወይም እንደ ሻይምፍሉግ ሌንስ በቀበቶ ማጥራት የሚያስችሉ መሣሪያዎች ታከሉ። ሞላላው ቀለበት ከጨለማ ክፍሉ ካርቶን ቀዳዳ ጋር ቅርጹ አንድ ነው።

የኢትዮጵያ ፎቶ ቤት ሥራ ይህን ሙያ ከሌላው ዓለም በተለየ ሁለት ቦታ ላይ ይፈትነዋል። አንደኛው ነጠላ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ጥቁር ዳራ ፊት ስትቆም ዳራውን ማደብዘዝ ነጩን ወደ ዳራው ያፈሰዋል፤ በትከሻዋ ዙሪያ የሚያበራ ክብ ይፈጠራል። ስሌቱ ሰውንና ግድግዳን አይለይም፤ ጎረቤት የሆነውን ሁሉ ያዋህዳል። መድኃኒቱ ከማደብዘዝ በፊት ሴቲቱን ከዳራው ላይ ማውጣትና ባዶውን ቦታ ከዙሪያው በተወሰደ ቀለም መሙላት ነው፤ ከዚያ የደበዘዘው ዳራ ላይ ሴቲቱ ትመለሳለች። የነጠላው ጥበብ ደግሞ ክሩ የሚታይ መሆን አለበት፤ ጠርዙ አብሮ ከለሰለሰ የሸማኔው ድካም ይጠፋል። ሁለተኛው ፈተና ጎፈሬ ነው። የተጠቀለለ ጸጉር ጠርዝ የለውም፤ በየጥቅሉ መካከል ዳራው ይታያል። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ጸጉሩን እንደ ባርኔጣ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል። ይህ በሠርግ አልበም ላይ ከሚታዩ ስሕተቶች ሁሉ ይከፋል፤ የሙሽራዋ መልክ የሚለወጠው እዚያ ነውና።

ከዚህ በተረፈ ትልቅ ባነር ሲታተም የሚገጥም ችግር አለ። በተለመደው ፋይል እያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው። በኮምፒውተር ላይ ሲያዩት ልስልስ የመሰለው ሰማይ ብዙ ሜትር ሲለጠጥ በደረጃ ደረጃ የተሰነጠቀ ይሆናል። ጥቂት የፊልም ቅንጣት መሰል ነጠብጣብ በብዥታው ላይ መበተን ደረጃዎቹን ይሰብራል፤ እግረ መንገዱንም የደበዘዘው ቦታ ከጥርቱ ጋር አንድ ካሜራ ያነሣው እንዲመስል ያደርገዋል።

ጉባን ለሚያነሣ ሰው ተፈጥሮ ራሷ አስተማሪ ናት። በበጋው ወራት የደረቀው ሣር ሲቃጠል ጭሱ በቆላው ላይ ይተኛል፤ ቅርቡ ኮረብታ ይጠራል፣ ቀጣዩ ይገረጣል፣ ሦስተኛው ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል። ይህ ግን ብዥታ አይደለም። ጭስና ጉም ንጽጽርን ይቀንሳሉ፣ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አመድማ ይወስዱታል፤ የዛፉ ቅርጽ ግን በስሱ ይቀራል። ርቀትን በሶፍትዌር ለመፍጠር የሚፈልግ ሰው ራዲየስ ብቻ ከጨመረ ዳራው ከፊት ያለ የረጠበ መስተዋት ይመስላል። ጥላውን ማንጣት፣ ቀለሙን ማመንመን፣ ከዚያ ጥቂት ማደብዘዝ፤ የቆላው አየር የሚሠራበት ቅደም ተከተል ይህ ነው።

ብዥታን ፊት ለመሸፈን መጠቀም ለብቻው መነሣት አለበት። ከተፈናቃዮች መጠለያ የሚነሣ ፎቶ ላይ የሰውን ማንነት ለመጠበቅ ቀስ በቀስ የሚጨምር ብዥታ ፈጽሞ አይሆንም። በጠርዙ በኩል ያለው ግማሽ ደብዛዛ ፊት ለሚያውቅ ሰው ይታወቃል፤ በትንሽ ራዲየስ የተሠራ ጋውሲያን ብዥታም በከፊል ሊመለስ ይችላል። በሙሉ ጥቁር መሸፈን ብቻ ነው የሚያስተማምነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ፕላስ በሁለት ሌንሶቹ መካከል ያለውን ልዩነት አስልቶ ርቀትን የሚገምት፣ ዳራውንም ራሱ የሚያደበዝዝ የመልክ ማንሻ አሠራር አመጣ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ርካሽ ስልኮችም ያዙት። ይህ ለሙያው ትልቅ ለውጥ ነው። ካርቶኑን የያዘው ሰው ምን እንደሚያስቀርና ምን እንደሚያፈዝ ያስብ ነበር፤ በፎቶሾፕ የሚሠራው ግራዲየንቱን የት እንደሚጀምር ይወስን ነበር። ስልኩ ግን ሰው ፊት ነው፣ የቀረው ዳራ ነው የሚል አንድ ፍርድ አስቀድሞ ይዟል። አንዳንድ ስልኮች የሚያስቀምጡትም የደበዘዘውን ብቻ ነው። ማደብዘዝ ደግሞ ዝርዝርን ይደባልቃል፤ በትልቅ ራዲየስ የጠፋ ነገር አይመለስም።

ይህ ጉዳይ ከየትም ይልቅ በጉባ ክብደት አለው። የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. የወንዙ አቅጣጫ ተቀየረ፤ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የውሃ ሙሌት ተካሄደ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። በእነዚህ ዓመታት ሥራው ቦታ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ኖሯል፤ ወዳጅ ከወዳጁ ጋር ቆሞ ፎቶ ተነሥቷል፤ ከጀርባቸው የነበረው ሸለቆ ነበር። የጉሙዝ መንደሮችና ማሳዎች የነበሩበት፣ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወሩበት መሬት ነው። ያን ጊዜ ዳራ የነበረው ሸለቆ፣ ውሃ ስለሸፈነው፣ ዛሬ ከፊት ለፊቱ ሰው እኩል ይፈለጋል።

ስለዚህ ከ2012 ዓ.ም. በፊት በጉባ የተነሣ ፎቶ ያለው ሁሉ ያልደበዘዘውን ዋናውን ፋይል ሳያጠፋ ቢያስቀምጥ፣ ፎቶ ቤቶችም ለደንበኛ ያሳመሩትን ብቻ ሳይሆን ከካሜራው የወጣውን ጭምር ቢይዙ መልካም ነው። ሐይቁ ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ድረስ ይደርሳል፤ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ከዚያ በታች የነበረው መሬት አሁን የሚታየው በፎቶ ብቻ ነው።